ከመፈክሩ ሥር ሁለት አባቶች

የላቲን ፊደል ባላባትና ጭሰኛ አለው። ትልቁ ካፒታል ከዓረፍተ ነገሩ ደጃፍ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ትንንሾቹ አጎንብሰው ይከተሉታል። የእኛ ፊደል ግን አብዮቱ ከመምጣቱ በፊትም መደብ አልነበረውም፤ የአገርም ስም፣ የድንችም ስም በአንድ ቁመት ይጻፋል። በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም የብረት ፊደል ለኅትመት ደርዳሪ፣ ሆኜ በሠራሁባት ትንሽ ማተሚያ ቤት ይህን ጮክ ብዬ ስናገር፣ ባለቤቱ በሩን በሩን እያየ «ዝም በል፣ ጓድ!» ይለኝ ነበር። ጓድ የሚለኝ ሲፈራ ብቻ ነው።

እኩልነቱ ግን ሠርግ ሲመጣ ይፈርሳል። በፊደል ዓይነት ማዕረጉን ማሳየት ያቃተው ሰው በመጠን ያሳያል። በጥሪ ካርድ ላይ የአብዮቱ መፈክር ከላይ፣ ከእርሳስ ብረት በተሠራው ትልቁ ፊደል ይሰፍራል፤ ባለቤቱ ከእሱ የሚረዝም ነገር አያስገባም። ማንም አላዘዘውም፤ ፍርሃቱ ራሱ ደንብ አውጥቶለት ነው። የጥሪው ቃል በትንሹ ፊደል ይለቀማል። ለስም የሚሆን መካከለኛ መጠንም ነበረን፤ እሱ ግን እየተሰበረና እየጠፋ ሄዶ ለአንድ ሰው ስም ብቻ የሚበቃ ሆኗል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጅሬን ሰፈር ልብስ ሰፊ ከአስተማሪ ልጃቸው ጋር የሠርጓን ካርድ ሊያዩ መጡ። የሙሽራው አባት፣ ከየቡ ገጠር የመጡት ቡና አብቃይ፣ ቀድመዋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ለሙከራ ያወጣውን ካርድ አቀረበ። የልብስ ሰፊው ስም በመካከለኛው፣ የቡና አብቃዩ በትንሹ ፊደል ወጥቷል።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉ ቡና አብቃዩ ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው። «እኔ የሙሽራው አባት ነኝ ወይስ አጃቢ?»

«ፊደል አልቆብን ነው፣ አባባ» አለ ባለቤቱ።

«ለእሳቸው ሲሆን ያላለቀ ለእኔ ሲሆን አለቀ?»

ልብስ ሰፊው ሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ወላሂ እኔ የለሁበትም። ፊደሉ ሰው ያውቃል።»

«እንግዲያው ፊደሉ ያግባት!» ብለው ቡና አብቃዩ ከዘራቸውን አነሡ።

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሶ የጨረሰውን ጋብቻ የእርሳስ ቁራጭ ሊያፈርሰው ነው። ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ አንተ አንባቢ ነህ ይሉሃል። ካነበብከው ሁሉ ለዚህ የሚሆን የለም?» አለችኝ።

ነበረ። ከማተሚያው ጋር አብሮ የመጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበረን። እዚያ ውስጥ ድንክ ካፒታል ብዬ የምጠራው ነገር አለ፤ መልኩ የትልቁ፣ ቁመቱ የትንሹ ፊደል የሆነ። ጥቅሙ አንድ ቃል ክብር ሲገባው፣ ገጹን ግን እንዲረብሽ ሳይፈለግ ሲቀር ነው። ምህጻረ ቃል በሙሉ ካፒታል ሲጻፍ ከመስመሩ መሀል እንደ ሰልፈኛ ይጮኻል፤ በድንኩ ሲጻፍ ተራውን ጠብቆ እንደሚናገር ሽማግሌ ይሆናል። መመሪያው አንድ ነገር አጥብቆ ያሳስባል፦ በፊደሎቹ መካከል አየር ይግባ፤ ተፋፍገው ከቆሙ ክብራቸው ይጠፋል።

እኛ ድንክ ካፒታል የለንም። አየር ግን አላጣንም።

«ሁለቱንም በትንሹ እንልቀማቸው» አልኩ፤ «ግን ፊደሎቹን አራርቀን፣ ከላይም ከታችም ባዶ ቦታ ሰጥተን።»

«ከመፈክሩ ቢሰፋስ?» አለ ባለቤቱ።

«አንተ የከለከልከው ቁመት ነው። ስለ ስፋት ምንም አላልክም።»

«ጓድ!»

ለቀምኩት። ሁለቱ ስሞች በርዝመት እኩል እንዲሆኑ አደረግሁ። የልብስ ሰፊው ስም አጭር ስለሆነ ፊደሎቹ ተራርቀው ቆሙ፤ የቡና አብቃዩ ረጅም ስለሆነ ጠጋ ጠጋ አሉ። አዲሱ ካርድ ሲመጣ ቡና አብቃዩ ቁመቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለኩ። ልብስ ሰፊው ይህን አይተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ሜትር አወረዱ። ልጅቷ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«የእኔ ግቢው ሰፊ ነው» አሉ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው፣ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እያሳዩ።

«ይስፋልዎት» አሉ ቡና አብቃዩ። «የእኔ ፊደል እንደ ቡና ፍሬ ቅርንጫፉን ሞልቶታል። ከባዶ ቅርንጫፍ ምን ይለቀማል? ሃ ተኡ፣ ይሁን፤ ይታተም።»

ልጅቷ ሻሿን ለቀቀችው።

በሠርጉ ላይ ካርዱን አይቶ ስለ ሁለቱ ስሞች ያላወራ እንግዳ አልነበረም፤ ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ያነሣ ግን አልሰማሁም። ሁለቱም አባቶች በየተራ ጥግ ይዘውኝ እጄን ጨበጡኝ። እያንዳንዳቸው ያመሰገኑኝ ከሌላው ስላስበለጥኳቸው ነው።