በመስታወት ቤት የተሞቀች ፀሐይ

መስታወት ቆራጩ ሊፈታው የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ጉበቱ እንዴት ይታመማል? ታላቅ ወንድሙ በጉበት ሲሞት ለቀስተኛው ከመቃብር ሳይመለስ “ተደብቆ ይጠጣ ነበር” ብሎ ፈርዶበታል። ሟቹ ግን ከለስላሳ በቀር አያውቅም ነበር። አሁን ደግሞ በተራው የእሱ ጉበት ስብ ይዞ ተገኘ። ስኳሩም ከፍ ብሏል። ቦርጩን ለማየት መሣሪያ አላስፈለገም።

“እውነቱን ንገረኝ፣ የት ነው የምትጠጣው?” አለችው ሚስቱ።

“ሱቄ እኮ ሁሉም መስታወት ነው። ምኑ ጋ ልደበቅ?”

“ወንድምህም እንዲሁ ይል ነበር።”

ከበሽታው ይልቅ ይህች ቃል አመመችው።

ዶክተሯ ግን አመኑት። ጉበት ያለ መጠጥም ስብ እንደሚያጠራቅም ነገሩት። ደሙ ሲመረመር ቫይታሚን ዲው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ ነገር ደስ የሚል ምሥጢር ስላለው ቀስ ብለን እንየው። ቫይታሚኑን በብዛት የሚሠራው ፀሐይ ያገኘው ቆዳችን ነው። ጉበት ተቀብሎ ይለውጠዋል፣ ኩላሊት የመጨረሻ መልኩን ይሰጠዋል። በሰውነት የተከማቸ ስብ ደግሞ ከፊሉን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ስብ የያዘ ጉበት፣ ስኳርና የቫይታሚን ዲ እጥረት ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። የትኛው የትኛውን እንደጎተተ ግን ተመራማሪዎችም ገና አልተስማሙም።

“ኪሎ ይቀንሱ፣ ለስላሳውን ይተዉ፣ የቫይታሚኑን እንክብል ይዋጡ፣ ፀሐይም ያግኙ” አሉት ዶክተሯ።

እሱ ፀሐይዋን ብቻ ይዞ የቀሩትን ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው። ነፋስ እንዳይመታው በረንዳውን ዙሪያውን በመስታወት ዘጋ። እንዴት ያለ ሥራ ነበር! ጠርዙ በእጅ የተሞረደ፣ ሲሊኮኑ ከመስመር ያልወጣ። ለስላሳውን ይዞ ይገባና ላብ እስኪያጠምቀው ይቀመጣል።

“ዛሬስ በሰልክ?” ይሉታል ጎረቤቶቹ።

በዓመቱ ሲመረመር ቫይታሚኑ እንደ ዝቅታው ነበር። ጉበቱ ግን ጠባሳ መያዝ ጀምሯል።

“ፀሐይ አልሞቁም እንዴ?”

“ከእኔ በላይ ማን ይሙቅ፣ ዶክተር! መስታወት ቤቴ ውስጥ ነው የምውለው።”

ዶክተሯ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መስታወት ብርሃኑንም ሙቀቱንም ያስገባል፤ ቆዳ ቫይታሚን የሚሠራበትን ጨረር ግን ከውጭ ያስቀረዋል። ዕድሜውን ሙሉ “ምንም አይከልልም” እያለ የሸጠው ዕቃ ነው።

“አሁን እንክብሉን ብውጥ ጉበቴ ይድናል?”

“እጥረቱን ይሞላል። ጉበቱን ያድናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም። ጉበቱን ይበልጥ የሚረዳው ኪሎ መቀነሱ ነበር።”

ቤት ገብቶ ሁሉንም ለሚስቱ አስረዳት፤ ጨረሩን፣ ቆዳውን፣ ስቡን። እስኪጨርስ ሰማችውና “ይህን ሁሉ ከምታጠና መጠጡን ብትተው አይሻልም?” አለችው።



አሁን ትንንሾቹን መስታወቶች በመኪና መላክ ትቶ እጅጌውን ሰብስቦ በእግሩ ያደርሳል። እንክብሉን ይውጣል። ለስላሳውን በውሃ ለመተካት ይታገላል፤ አንዳንዴ ይሸነፋል። ጥቂት ኪሎ ቀንሷል። መክሳቱን ያየ ሁሉ “መጠጡ ጨረሰው” ይላል። እሱም ይሰማል፤ መስታወቱን ወደ ሌላኛው ትከሻው ያዛውርና ዳገቱን ይያያዘዋል።