የዛገው ሐዲድ

ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ግራሶ ከሸተተኝ ካርቱም ነኝ። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ወረቀት የሌለውን የሚያፍሱትን የከሻ ፖሊሶች ፈርተን በሐዲድ ላይ ነበር። ሐዲዱ ለሁለት ሲከፈል እማዬ ሁሌም የዛገውን ትይዛለች፤ ባቡርም ፖሊስም የረሳው ነው። መንገዱን ያሳየን ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ነው።

አንድ እሑድ እሱም አብሮን ሲሄድ እማዬ መገንጠያው ላይ ቆመች። ሐዲዱን የሚቀይረውን ብረት ነክታ ጣቷን አሸተተች። አዲስ ግራሶ!

«ባቡር በማያልፍበት ማን ቀባው?» አለች።

ጋሽ ታደሰ ከኋላችን፣ «ያላ፣ እለፉ እንጂ!» አለ።

«እስቲ አንተ ቅደም፣ ጋሼ።»

ወዲያው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ያደረገው ሸበጥ ነበር። እማዬ ከፊት ፖሊስ እንዳስጠበቀን ገብቷት እጄን ይዛ ወደ መጣንበት ተመለሰች።

ዛሬም ሰው «ቅደሚ» ሲለኝ መጀመሪያ እግሩን አያለሁ።