የሬድዋን አሥራ ዘጠኝ ድምፅ

ሬድዋን ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጥ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንድ ቦታ ተረጋግቶ መቀመጥ ግን አልለመደም፤ ደንበኛ እያስተናገደ እንኳ በር በሩን ያያል። ለከተማው ምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ ሲል ጎረቤቶቹ ብዙም አልገረማቸውም።

ምርጫ የሚያውቁ ሰዎች መከሩት። "ነጋዴው ማልዶ መርጦ ሱቁን ይከፍታል። ኮንዶሚኒየሙ ከሰዓት ይወጣል። የእንጦጦ ዳገት ላይ ያሉት ብዙም ስለማይመዘገቡ አትድከም።"

እሱ ግን አላስቻለውም፤ ዳገቱን ወጣ። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ብርቄ የሚባሉ እናት መንገድ ላይ አገኘ።

"ለምርጫ ብሎ እዚህ የወጣ ሰው አላየሁም" አሉት።

"ምን ቸገራችሁ?"

"የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ከደረቀ ስምንት ወሩ ነው።"

"ብመረጥም ባልመረጥም አብሬያችሁ አቤት እላለሁ" አላቸው። ብርቄም ሰፈርተኛውን ይዘው ሄደው ተመዘገቡ።

በምርጫው ማግስት ውጤት በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ሬድዋን ቁርስ አልበላም። መጀመሪያ የሄደው ሁሉም እሱን በስሙ ወደሚጠራበት ሾላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ድምፅ። ተሳስተው ይሆናል ብሎ ደግሞ አነበበው። ከዚያ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ፤ እዚያ ሁለት መቶ ስድስት። በጠቅላላው ግን በሰፊው ተሸንፏል።

ከሱቁ ጎን ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡትን እትዬ ጫልቱን ጠየቃቸው።

"እውነቱን ይንገሩኝ፣ መርጠውኛል?"

"አልመረጥኩህም።"

"ምን በደልኩዎት?"

"ምንም። ምክር ቤት ከገባህ ሱቅህ ይዘጋል። እኔ ጋ የሚቆመው ያንተ ደንበኛ ነው። ሌሎቹም ይህንኑ ነው የሚሉት።"

ሬድዋን ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፋቸው።

በሦስተኛው ቀን ብርቄ ሁለት ሴቶች አስከትለው ሱቁ ድረስ መጡ። "ቃልህን አጠፍክ እንዴ?"

ሱቁን ለእትዬ ጫልቱ አደራ ብሎ ተነሣ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥተው መለሷቸው። በአራተኛው አንድ ባለሙያ አብሯቸው ወጥቶ የተደፈነውን መስመር አግኝቶ ከፈተው።

ውሃው አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። በሚመጣበት ቀን ረፈድ ሲል ሬድዋን ሚዛኑን ትቶ፣ ውሃው መጣ ወይ ብሎ ለብርቄ ይደውላል።