ወባ ነው የተባለችው እህቴ

ሰሞኑን ሴቻ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የእህቴ ልጅ ሩት ለባዮሎጂ ፈተና ታጠናለች። «ፎስፎሪሌሽን ማለት በፕሮቲን ላይ ፎስፌት መጨመር ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ጸሎት። መጨረሻ ላይ ሰለቻትና መጽሐፉን አጠፈችው።

«ኧረ አክስቴ፣ ይሄ ነገር ማንን ይጠቅማል?»

የምልጠውን ማንጎ ሳህኑ ላይ ጣልኩት። ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም።

የሩት እናት፣ ታላቅ እህቴ አስቴር፣ መክሳት የጀመረችው ሩትን ጡት ባስጣለች ሰሞን ነው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ቤተሰቦቼ ወደ ጫኖ እሄዳለሁ። ዝናቡ ገና ማብቃቱ ስለነበር ቦዩ ሁሉ ሞልቶ ትንኙ አያስቀምጥም። አስቴርን ትኩሳትና ላብ ይፈራረቁባታል፤ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ሆዷ ጠጥሯል። ጫኖ ውስጥ ደግሞ ያበጠ ጣፊያ የነካ ሁሉ ሐኪም ነው፤ ወዲያው «ወባ!» ይላል። እናቴ ደም ይተካል ብላ የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ጋር ትቀቅልላታለች። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ጣቷን ይወጓታል፣ «ወባ አልታየም» ይሏታል፤ ከዚያ የወባ ክኒን ሰጥተው ይሸኟታል። ካልታየ ክኒኑ ለምን? የጠየቀ የለም። ጫኖ ነዋ!

አንድ ቀን መምህራችን ስለ ህዋስ መከፈል ሲያስተምር እንዲህ አለን፦ «አንዱ ኢንዛይም ፎስፌቷን ፕሮቲኑ ላይ ይለጥፋታል፣ ሌላው ይነቅላታል። ህዋሱ የሚከፈለውም የሚያርፈውም በዚህ ነው።» አባቴ ትዝ አለኝ። የመስኖ ውሃ ዳኛ ነበር፤ ተራው ለደረሰ ማሳ የቦዩን አፍ ይከፍታል፣ ሲበቃው በጭቃና በሙዝ ግንድ ይደፍነዋል። ሳይደፈን ያደረ እንደሆነ የሰው ሙዝ ይበሰብሳል። መምህሩ ሊወጣ ሲል እግረ መንገዱን ጨመረልን።

«ፎስፌት የሚለጥፈው ኢንዛይም አልቆም ሲል የሚመጣ የደም ካንሰር አለ። ነጭ የደም ህዋሶች ያለ ልክ ይባዛሉ፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። አሁን ያንን ኢንዛይም የሚያስቆም ክኒን ተገኝቷል።»

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይመጣም።»

ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

አስቴርን ከተማ ሆስፒታል አመጣኋት። የላቦራቶሪው ባለሙያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየና «ነጩ ሞልቷል» አለ። ያው ደም፣ ከዚያችው ጣት! ጫኖ ተመልሼ ጤና ጣቢያ ደሟን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ፊት ቆምኩ።

«ነጩን አላየኸውም?»

«እኔ የታዘዝኩት ወባ እንድፈልግ ነው» አለኝ፣ ቅር ሳይለው። «ፈለግሁ፣ የለም። በቃ።»

በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም። ዛሬም ሳስበው እጄን ይበላኛል።

አዲስ አበባ ወስደናት መምህሩ ያነሳውን ክኒን አስጀመሯት፤ በሽታው ግን ጠንቶ ነበር። «ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ» አሉን ሐኪሞቹ። የጫኖ ማንጎ ሳይበስል ቀበርናት። እናቴ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ወባ ነው የወሰደብኝ» አለች። ካንሰር ከተባለ ዘሩ ይታማል፣ ሩትን የሚያገባት ይጠፋል ብላ ነው። ሽማግሌዎቹም እኔን ዝም በይ አሉኝ። እህቴን በሐሰት በሽታ አከሟት፤ በዚያው በሐሰት በሽታ ቀበሯት። ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል የሚሉኝን ሰዎች አላምናቸውም፤ የኔ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አልበረደም።

ሩት አሁንም መልሴን ትጠብቃለች።

«እናትሽን ይጠቅማት ነበር» አልኳት።

«እናቴ በወባ አይደል እንዴ የሞተችው?»

ሁሉንም ነገርኳት። አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ጓዳ ሆና እንደምትሰማኝ አውቃለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።

«ጤና ጣቢያ ደሟን ሲያዩ» አለች ሩት፣ «ነጭ ህዋሶቹ እዚያው ነበሩ?»

«እዚያው ነበሩ።»

«ዓይናቸው ሥር?»

«ዓይናቸው ሥር።»

መጽሐፉን መልሳ ከፈተችና ማንበብ ጀመረች። አሁን ግን ዓይኗን አልጨፈነችም።