«ጉራቻ» በአማርኛ ምን ይባላል?

«አባባ፣ ኦሮምኛውን ይተዉትና የፈረሱን ስም በአማርኛ ይንገሩን!» አለ የመድረኩ መሪ ዛሬ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ በማይክ።

አጎቴ በዛሬው የድል በዓል ላይ ሊጋልብ ፈረሱን በአይሱዙ ጭኖ ከከሚሴ እዚህ ጥንታዊ ከተማ ድረስ መጥቷል። (እኔም ከኋላ፣ ከፈረሱ ጋር።)

የፈረሱን ስም ሲጠይቁት «ጉራቻ» አለ። ጥቁር ነዋ፣ ሌላ ምን ይበለው?

አጎቴ ማይኩን ተቀበለው። «ልጄ፣ ቅድም ‹ዳማው ፈረስ ቀደመ› ስትል በማን ቋንቋ መሰለህ? ዳማም ጉራቻም ከኛ ነው የመጣው። ለዚህ ድል የኛም አባቶች ከነፈረሳቸው ወድቀዋል። አልተረጉምም!»

ወላሂ ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ ጋለበ። መሪው ራሱን ረስቶ «ጉራቻ! ጉራቻ ቀደመ!» እያለ ይጮህ ጀመር።

እናንተስ፣ ስማችሁን ተርጉሙ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?