ቀድመው የገቡት አሥር ሰዎች

አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ኮምፒውተር ክፍል ስቀጠር ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ክፍል ይባል እንጂ እኔ፣ ሁለት ማሽንና መጋረጃ የሌለው መስኮት ብቻ ነበርን። ከሳሪስ በታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ ሠራተኛው ገብቶ ስለሚያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሚሆነውን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁም። ይህን የምጽፈው ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ያኔ የሠራተኛ መግቢያ የሚመዘገበው በደብተር ነበር። በሩን የሚጠብቁት አዛውንት የእያንዳንዱን ሰው የመታወቂያ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ አስተዳደር ደግሞ ያንን ይገለብጣል። እኔ ታዲያ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በኮምፒውተር ይሁን አልኩ። አንድ አሮጌ ማሽን ጥበቃ ቤት አስገባሁ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ የሚሄድ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ደብተሩንም ከአዛውንቱ እጅ ተቀበልኩ። ቁጥር መጫኑን በሁለት ቀን ለመዱት።

ስክሪፕቱ ውስብስብ አልነበረም። ማሽኑ ሲበራ በራሱ ይነሳል፤ የገቡትን ሰዎች ቁጥር በጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጣል፤ አሥር ሰው በሞላ ቁጥር ሌላ ፋይል ይከፍታል። አመሻሽ ላይ ወርጄ ሁሉንም አንድ ላይ እሰበስብና በፍሎፒ ዲስክ እወስዳለሁ፤ ቀኑን ዲስኩ ላይ በእጄ እጽፋለሁ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጊዜያዊ ፋይል የራሱ ስም ያስፈልገዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ካገኙ አዲሱ አሮጌውን ደምስሶ ቦታውን ይይዛል። ለዚህ መላ ያልኩት ፋይሉ የተከፈተበትን ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ስም አድርጎ መስጠት ነበር። አዛውንቱ በአንድ ጣት ስለሚጫኑ አሥር ሰው ለመመዝገብ ከደቂቃ በላይ ይወስድባቸዋል፤ ያለፈ ደቂቃ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ብልሃቴ ከመኩራቴ የተነሳ ለእናቴ ሳይቀር አስረድቻታለሁ።

ጥቂት ወራት በሰላም ሠራ። ከዚያ የመብራት ፈረቃ የበረታበት በጋ መጣ። ረፋድ ላይ መብራት ይሄዳል፤ የከሰዓት በኋላው ፈረቃ ሊገባ ሲል ይመለሳል። የፋብሪካው ጄኔሬተር ለማሽኖቹ እንጂ ለጥበቃ ቤቱ አይደርስም ነበር። በዚያው ሰሞን አንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቀን፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን ቀርተሃል እየተባለ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ሠራተኛ መቼም ማጉረምረም አያጣም ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሰኞ ዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት ተጠራሁ። የፈትል ክፍል ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት አምስት ተከታታይ ቀን ከሥራ ቀርተዋል ተብለው ለስንብት ቀርበዋል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ ቤታቸውንም ያለ እሳቸው የሚያስተዳድር የለም። የክፍላቸው አለቃ "ያየኋት ይመስለኛል፣ ግን ቀን ቆጥሬ አልያዝኩም" አለ። የአስተዳደር ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ ማሽኑ ሊሳሳት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

"አይችልም" አልኩ።

ሴትየዋ አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ እኮ በሩ ሲከፈት ነው የምገባው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ማሽኑ የገባለትን ቁጥር አይበላም" አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሌ ተጻፈ፣ ፈረምኩ፣ እሳቸውም ደብዳቤያቸውን ተቀብለው ወጡ።

"በሩ ሲከፈት" ያሉት ነገር ግን አልለቀቀኝም። በማግስቱ በመጀመሪያው ታክሲ መጥቼ ጥበቃ ቤት ገባሁ። አዛውንቱ ማሽኑን ሶኬት ላይ እየሰኩ ነበር፤ ለካ ማታ ማታ ይነቅሉታል።

"አባባ፣ ትናንት የተሰናበቱት የፈትል ክፍሏ እትዬ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር?"

"መቼ ቀርታ ታውቅና? በሩን የምከፍተው ለእሷ ነው።"

"ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልነገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ? ደብተሬን ወሰድሽ። ምስክሩ ኮምፒውተሩ ነው አላችሁ።"

ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ማሽኑ ነቃ፤ ሰዓቱን አየሁት። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ያለፈ ሰዓት ያሳያል።

"ይህቺ ማሽን ሁልጊዜ እንዲህ ናት" አሉ አዛውንቱ። "መብራት በመጣ ቁጥር ከአንድ ትጀምራለች። እኔ የእጄን ሰዓት ነው የማየው።"

የማሽኑ ሰዓት መብራት ሲጠፋም እንዳይቆም የሚያደርገው ትንሹ ባትሪ ሞቶ ኖሯል። መብራት ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ ከዚያችው ደቂቃ ይነሳል፤ ስክሪፕቴም አብሮ ይነሳና ለመጀመሪያው ፋይል ያንኑ ስም ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ቀድመው የሚገቡት አሥር ሰዎች፣ ጠዋት ቀድመው የገቡትን አሥር ሰዎች ሲደመስሱ ሰንብተዋል። የተቀሩት ምንም አልሆኑም። ማንም ሰው አንዳንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ በየቀኑ ቀድመው የሚመጡት ግን እሳቸው ነበሩ። በጣም አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ፣ ምክንያቱም ፊርማዬ አለበት።

ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት።

"አንዴ ፈርመሻል እኮ" አለኝ።

"አሁን ደግሞ ተሳስቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ።"

ፈረምኩ። ለእኔም ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፤ ይገባኝ ነበር። ስክሪፕቱን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስሙን በዕጣ ቁጥር ያወጣል፤ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል መኖሩን ያያል፤ ካለ ሳይነካው ሌላ ዕጣ ያወጣል። ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ባትሪውንም ቀየርኩ፣ ደብተሩንም ለአዛውንቱ መለስኩ።

በሳምንቱ እናትየው ወደ ሥራ ተመለሱ። ማልጄ ወጥቼ በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች እንዴት ይጠፉ እንደነበር አንድ በአንድ አስረዳኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም" አሉኝ።

"አሁን ተስተካክሏል። ይግቡ፣ እትዬ።"

"እሺ" አሉ፤ ግን አልገቡም። አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፤ እሳቸው የሚገባውን ሁሉ በዓይናቸው ይከተላሉ። መጀመሪያ ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። አሥረኛው ካለፈ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው መታወቂያቸውን አወጡ።

ፋብሪካውን እስከለቀቅሁ ድረስ፣ ማልጄ በመጣሁ ቁጥር እዚያው አጥር ሥር አገኛቸው ነበር። ከቤታቸው የሚወጡበት ሰዓት አልተለወጠም፤ አሁንም ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ደርሰው አሥር ሰው እስኪገባ ይቆማሉ።