ገነት በዶማ አልተተከለችም

በሥራ ቀን የካ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት የወጣቶች ክፍል መምህር ነበርኩ። ከሁለቱ አብልጬ የምወደው የእሑዱን ነበር። እዚያ ልጆቹ የሚጠይቁት ፈተና ስላለባቸው ሳይሆን ማወቅ ስለሚፈልጉ ነው።

እዚያ ያስተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከየኔታ ነው። የኔታ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት ዳር፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሰጠቻቸው አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እወጣና ጓሯቸው ካለው የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ቁጭ እል ነበር፤ እሳቸው ጎመናቸውን እየኮተኮቱ ያስተምሩኝ ነበር።

አካሄዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ንባቡን፣ የመጽሐፉን ቃል እንዳለ፣ ይሉታል፤ ቀጥሎ ይተረጉሙታል። ከዚያ «አንድም» ይሉና ሌላ ትርጉም ይጨምራሉ፤ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛ። የአገራችን ሊቃውንት መጻሕፍትን የሚተረጉሙት እንዲህ ነው። አዲሱ ትርጉም የፊተኛውን አያባርረውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። ሁሉም ቢደመር ግን ንባቡን አይሽረውም ይላሉ።

የፍጥረትን ታሪክ ስንጀምር የጥንት ክርስቲያኖች በሁለት መንገድ ያነቡት እንደነበር ነገሩኝ። በእስክንድርያ ብዙዎቹ ስድስቱን ቀናትም ገነትንም ምሳሌ አድርገው ይተረጉሙ ነበር፤ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ ከእሷ በፊት ያሉት ቀናት እንዴት ቀን ተባሉ ብለው። በአንጾኪያ ያሉት ደግሞ ታሪኩን ከነቃሉ ይይዛሉ፤ አዳም በእውነት ካልወደቀ የዳንነው ከምንድን ነው ብለው።

«የእኛ አባቶችስ?» አልኳቸው።

«የእኛዎቹማ ብልሆች ናቸው። አንድም ብለው ሁለቱንም አስቀመጧቸው።» ቀና አሉና ዶማቸውን አነሱ። «መጽሐፉ እግዚአብሔር ገነትን ተከለ ሲል፣ እንደኔ ዶማ ጨብጦ፣ ወገቤን እያለ ይመስልሃል?»

ራሳቸው ሳቁ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ይህንኑ ለወጣቶቹ አመጣሁት። ገና ሳልጀምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ፀሐይ ረቡዕ ከተፈጠረች እሑድ በምን ነጋ?»

«በጄኔሬተር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ደግሞ! እዚያም መብራት ይጠፋል?» አለው ሌላው።

ደስ አለኝ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንደኛው ወገን፣ ብርሃን እሑድ ተፈጥሯል፣ ረቡዕ ፀሐይ የብርሃኑ ማደሪያ ሆነች ብዬ ጻፍኩ። በሌላው ወገን፣ ቀን የሰዓት ሳይሆን የሥርዓት ስም ነው፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ያሳያል ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም የአባቶች መንገድ እንደሆኑ አስረዳሁ። መጨረሻ ላይ የዶማዋን ነገር ጣል አደረግሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የልጅቷ አባት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ማንም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አመለከቱ፤ በአዳራሹ ስብሰባ ተጠራ። የኔታም ከዳገቱ ተጠርተው መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በበሩ ሲገቡ ሳይ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ ምስክሬ መጣ አልኩ።

«ልጄ ቤት መጥታ፣ እግዚአብሔር ዶማ የለውም ትለኛለች» አሉ አባትየው። «እኔ የላክኋት እምነቷን እንድትማር ነው። ዛሬ ቀኑ ምሳሌ ነው ተባለች። ነገ አዳም ምሳሌ ነው ትባላለች። ከነገ ወዲያ እኔም ምሳሌ ልሆንላት ነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ወንድማችን፣ ከእነዚያ ከእስክንድርያዎቹ አንዱ በኋላ መወገዙን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሌሎቹ ግን…» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። ማብራራት ስጀምር አላቆምም።

«አጠር አድርግልን። ከማን ነው የተማርከው?»

«ከየኔታ» አልኩ። በኩራት ነበር ያልኩት። «የዶማዋን ነገር ጭምር።»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ዕለታቱን አስተምሬዋለሁ» አሉ። «ሃያ ሁለቱን ፍጥረት በየዕለታቸው አስተምሬዋለሁ። የቀረውን ከኢንተርኔት ለቃቅሞት ይሆናል። የዘንድሮ ልጆች እንደምታውቋቸው ናቸው።»

«የዶማውስ ነገር?» አለ ሰብሳቢው።

«እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። ጓሯቸው ውስጥ ከእኔ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ክፍሉን ለሌላ መምህር እንዳስረክብ ነገረኝ። በተከታዩ እሑድ በአዳራሹ መስኮት ሥር ሳልፍ ልጆቹ የየዕለቱን ፍጥረት በአንድ ድምፅ ሲደግሙ ሰማሁ። የሚጠይቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ዳገቱን ወጣሁ። ጎመናቸውን እየኮተኮቱ ነበር።

«መጣህ? ቁጭ በል» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አልተቀመጥኩም። «የኔታ፣ ለምን አላልኩም አሉ?»

ዶማቸውን ተደገፉ። «ልጄ፣ ጉባኤው እንዳይታወክ ብዬ ነው። አንድም፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ የምታስተምርበት ቦታ አታጣም፤ እኔ ከዚህች ክፍል ቢያስወጡኝ የት እገባለሁ? አንድም፣ ያዋረደህ ነገር ትሕትናን ያስተምርህ ይሆናል።»

ድምፃቸው የትርጓሜ ድምፃቸው ነበር፤ ያው ዜማ፣ ያው እጅ ማንሳት። ስንት ቅዳሜ አፌን ከፍቼ የሰማሁት ድምፅ ነው።

«ትርጓሜውን ይተዉት» አልኳቸው። «ንባቡን ይንገሩኝ።»

 ነፋሱ ከላይ በባሕር ዛፎቹ መካከል እያንሾካሾከ አለፈ።

«ንባቡንማ ሰምተኸዋል» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያዩ።

ጎንበስ ብለው ጎመን ቀነጠሱና እንደ ሁልጊዜው በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። «ለእናትህ» አሉ። ተቀብዬ ጉቶው ላይ አስቀመጥኩት፤ ትቼው ወረድኩ።

ቁልቁለቱን ስወርድ እኔም መተርጎም ሞከርኩ። ፈርተው ነው። አንድም፣ አርጅተዋል፤ በዚህ ዕድሜ ቤት ማጣት ቀላል አይደለም። አንድም፣ የልጅቷን አባት ያሳሰባቸው የእምነት ነገር እንጂ ክፋት አልነበረምና፣ የኔታ እሳቸውን ማስቀየም አልፈለጉም። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ግን ትርጓሜ ቢበዛ ንባቡን እንደማይሽረው ያስተማሩኝ ራሳቸው የኔታ ናቸው። ንባቡ ደግሞ «ከአፌ አልወጣም» ይላል።